አጋም ነው ወይስ መርዝ? የጎንደር ዱር ፍሬዎችን በዛፋቸው መለየት

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለን አንገረብ ወንዝ ዳር ነን። የዱር ፍሬ ዛፎችን አብረን እንለያለን። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ከፍሬው በፊት ዛፉን እዩ። እኛ ልጆች ሆነን የምናየው ቀለሙን ብቻ ነበር፤ ጠቆር ካለ በስሏል፣ ወደ አፍ ነው። አደገኛ ነው፣ ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

(ካሜራው ወደ ቁጥቋጦው ይጠጋል)

ይሄ አጋም ነው። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አንዱን ስቀነጥሰው... ይሄው፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ጠብ አለ። አበባው ነጭ ነው፣ ከውጭ በኩል ቀላ ይላል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ፣ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ወይን ጠጅ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አሁን የነገርኳችሁ በሙሉ መርዝ የሚባለው ዛፍም ላይ አለ። ምረንዝ የሚሉትም አሉ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቅጠሉ ፊት ለፊት፣ ወተቱ ያው፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬውም ሲበስል ወይን ጠጅ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት ከዚህ ዛፍ በሚያወጡት መርዝ ነው፣ ልብን የሚያቆም መርዝ።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በእሾህ! አጋም ቀጥ ያለ ጠንካራ እሾህ አለው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለው እኮ ዝም ብሎ አይደለም፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን እየወጋ ወተቱን ስለሚያፈሰው ነው። መርዝ ግን እሾህ የለውም፣ ቅጠሉም ወፈርና ጠንከር ብሎ ያብለጨልጫል። አንድ ቅርንጫፍ አይታችሁ አትወስኑ፣ ቁጥቋጦውን ዙሩት። እሾህ ካጣችሁበት አትቅመሱት፣ ልጆችም እንዳይነኩት።

(ወደ ውሃው ወረድ እንላለን)

ይሄ ትልቁ ዛፍ ዶቅማ ነው። እዚህም እሾህ የለም፣ ግን ቅጠሉን ስቆርጠው ወተትም የለም። ልዩነቱ እሱ ነው። ዶቅማ ወንዝ ዳር ይወዳል። ፍሬው ጠቋቁሮ በዘለላ ይንጠለጠላል፣ ውስጡ አንድ ዘር አለው፣ ጣፋጭ ሆኖ አፍ ያዝ ያደርጋል፣ ምላስም ያቀልማል። መትከል ለምትፈልጉ፦ ዘሩን እንደ እህል አድርቃችሁ አታስቀምጡ። እኔ አንድ ዓመት በወረቀት ጠቅልዬ ለክረምት አቆይቼው አንድም አልበቀለልኝ። ዶቅማ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፤ በልታችሁ እንደጨረሳችሁ አፈር ውስጥ ክተቱት።

ኮሽም እሾሃም ነው፣ ወተት የለውም። ፍሬው ክብ ብርቱካንማ ቢጫ ነው፣ ይኮመጥጣል። ኮሽም ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ ያብባል እንጂ አያፈራም፣ ሴቷም ያለ እሱ አታፈራም። ይሄን ያላወቀ ሰው «ይሄ መካን ነው» ብሎ ወንዱን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በአካባቢው ሌላ ወንድ ከሌለ አጠገቡ ያለችው ሴትም ባዶዋን ትቀራለች። እባካችሁ፣ ስላላፈራ ብቻ አትቁረጡት።

ሾላን ለመለየት ብዙ አትለፉም፤ ወተት አለው፣ ፍሬው ግን ግንዱና ወፋፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ በዘለላ ነው የሚወጣው። ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ ግንቡን በሥራቸው የጠመጠሙትን ዛፎች ካያችሁ፣ እነሱም የሾላ ወገን ናቸው።

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እስካሁን ያየናቸው ይስማሟታል። ወደ ደባርቅ፣ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ስትወጡ ግን ብርዱን የሚችለው ቀጋ ይበዛል። የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው፣ እሾሁ ወደ ታች የተቆለመመ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ብርቱካንማ ቀይ። ፍሬውን እንዳለ አትዋጡት። እንዲህ ለሁለት ክፈሉትና ውስጡ ያለውን ጸጉርና ዘር በጥፍራችሁ ጥረጉት፣ ጉሮሮ ያሳክካል። የሚበላው ዙሪያውን ያለው ሥጋው ነው።