194,313፦ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለው ቁጥር

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ። አንድ እጅ በጠመኔ 194,313 ብሎ ይጽፋል።]

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ቁጥር እዩት፦ 194,313። ላይ ላዩን ተራ ነው። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱን ላሳያችሁ።

ጎጃም ያደገ ሰው ባሕረ ሐሳብ ሲባል ሰምቶ ያውቃል። ዲማም ይሁን ሌላ ደብር፣ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረው ሰው የፋሲካን ቀን በቃሉ አስልቶ ያወጣል። በዚህ ትምህርት ዐቢይ ቀመር የሚባል የ532 ዓመት ዙር አለ። በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል።

532 ግን ከየት መጣ?

[ምስል፦ የቅዳሜ ገበያ። የጤፍ ጆንያዎች፣ አህዮች።]

ሦስት ነገሮችን አስቡ። አንዱ ገበያ ነው፤ በ7 ቀኑ ይመለሳል። ሌላው ጳጉሜን ነው። ሦስቱን ዓመት 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ቀን ይሆናል። አራቱ ወንጌላውያን አንድ ዙር ሲጨርሱ 1,461 ቀን ይሞላል። ሦስተኛዋ ጨረቃ ነች። መስከረም 1 ሙሉ ሆና ከወጣች፣ እንደገና በመስከረም 1 ሙሉ ሆና የምናያት በ19 ዓመቷ ነው።

አሁን እናጋጥማቸው። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ስለዚህ እንቁጣጣሽ የሚውልበት ቀን በየአራት ዓመቱ 5 ቀን ይገፋል። ሰባት ጊዜ ካልዞረ ወደ ቦታው አይመለስም። 4 በ7 ሲባዛ 28 ዓመት። 28 እና 19 ደግሞ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ የግድ 28 በ19፣ 532 ዓመት ድረስ መጠበቅ ነው። የጨረቃዋ ዙር 20 ዓመት ቢሆን ኖሮ በ140 ዓመት ይገናኙ ነበር።

[ምስል፦ 194,313 = 3 × 7 × 19 × 487]

ቁጥራችንን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች እንበትነው። 7 ሳምንቱ ነው። 19 ጨረቃዋ ነች። 3 በ487 ሲባዛ 1,461፣ ማለትም አራቱ ወንጌላውያን። የኔታ ያስተማሩት ሁሉ እዚሁ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

487 ራሱ ጉድ ነው። 1ን ለ487 ብታካፍሉ፣ ከነጥብ በኋላ 486 አሃዝ ሳይሞላ ድግግሞሹ አይጀምርም። ከዚህ የረዘመ ለ487 አይቻልም። 7 በ6፣ 19 በ18 አሃዝ እንዲሁ የመጨረሻውን ርዝመት ይይዛሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሰማይዋ ጨረቃ ከቀመሩ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች። በ532 ዓመት ልዩነቱ ወደ ሁለት ቀን ይጠጋል። የበዓል ቀን የሚወጣው ግን በቀመሩ ስለሆነ ዙሩ ንቅንቅ አይልም።

[ምስል፦ ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን፦ 1485 እና 2017]

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። 532 ቀንሱ፤ 1485 ዓ.ም.፣ የአፄ እስክንድር ዘመን ነው። ያኔም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ከዚያ እሑድ እስከዚህኛው እሑድ 194,313 ቀን።