በፓወር ቢአይ ብዙ ዓምዶችን በአንዴ ማጣራት

[ስክሪን፦ የሽያጭ ሪፖርት፣ ገና ምንም አልተመረጠም]

ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ይጠይቃል፦ «ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ቅርንጫፍ በዱቤ የወጣው ሲሚንቶ የስንት ብር ነው?» ጥያቄው አንድ ቢመስልም ሦስት ዓምድ ይነካል፦ ቅርንጫፍ፣ የክፍያ ዓይነት እና የዕቃ ዓይነት። ዛሬ የማይክሮሶፍት የመረጃ ትንተናና ሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም በሆነው ፓወር ቢአይ ሦስቱንም በአንዴ እናጣራለን። መረጃው ለማሳያ የተዘጋጀ የአንድ ግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ሽያጭ ነው።

[ስክሪን፦ ሦስት ስላይሰር ሲገባ]

ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ስላይሰር፣ ማለትም ሪፖርቱ ላይ የሚቀመጥ የማጣሪያ ሳጥን፣ አስገቡ። ሐዋሳን ምረጡ፤ ከዚያ ኮንትሮል ቁልፉን ተጭናችሁ ባሕር ዳርን ጨምሩ። ቁልፉን ካልተጫናችሁ ሐዋሳ ይለቃል። ይህን ግዴታ ከስላይሰሩ ማስተካከያ ውስጥ ማንሳት ይቻላል፤ እኔ ሁልጊዜ አነሳዋለሁ፤ ምክንያቱም ሪፖርቱን የሚከፍተው የሽያጭ ኃላፊ የኮንትሮልን ነገር እንዲያውቅ ሊጠበቅበት አይገባም። ቀጥሎ ዱቤ፣ ከዚያ ሲሚንቶ። መልሱ ወጣ።

ከጀርባ የሆነውን ልብ በሉ። በአንድ ስላይሰር ውስጥ የመረጣችኋቸው በ«ወይም» ይያያዛሉ፦ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር። ስላይሰሮቹ እርስ በርሳቸው ግን የሚያያዙት በ«እና» ነው። አንድ ረድፍ ለማለፍ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ስለዚህ በሌላ ዓምድ ላይ በመረጣችሁ ቁጥር ውጤቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

[ስክሪን፦ «ትእዛዝ የተቀበለው» እና «ያስረከበው» ዓምዶች]

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ የተሳተፈባቸውን ደረሰኞች በሙሉ እንፈልጋለን እንበል፤ ትእዛዙን ተቀብሎም ይሁን ዕቃውን አስረክቦ። በሁለቱም ስላይሰር ስሙን ብትመርጡ የሚመጣው ሁለቱንም ሥራ ራሱ የሠራበት ደረሰኝ ብቻ ነው። ቀሪው ከሪፖርቱ ይወጣል፤ ምንም የስህተት መልእክት ስለማይታይም ቁጥሩ ትክክል ይመስላል። የሰው ኮሚሽን በዚህ ቁጥር የሚሰላ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ፓወር ኩዌሪ በሚባለው የፓወር ቢአይ የመረጃ ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ ነው። ከሽያጩ ሰንጠረዥ የደረሰኝ ቁጥሩንና ሁለቱን የስም ዓምዶች ብቻ ይዛችሁ አዲስ ሰንጠረዥ ሥሩ። ሁለቱን የስም ዓምዶች መርጣችሁ አንፒቮት በሏቸው፣ ማለትም ዓምዶቹን ወደ ረድፍ ለውጧቸው፤ ስሞቹ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ። የብሩን ዓምድ ወደዚህ አታምጡት፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ድምሩ እጥፍ ይሆናል። ብሩ ዋናው ሰንጠረዥ ላይ፣ አንድ ደረሰኝ በአንድ ረድፍ ሆኖ ይቆይ። ሁለቱን ሰንጠረዦች በደረሰኝ ቁጥር አገናኙና ክሮስ ፊልተር ዳይሬክሽን (የማጣሪያው አቅጣጫ) የሚለውን ቦዝ (ሁለቱም) ላይ አድርጉት። አሁን ስላይሰሩን ከአዲሱ የስም ዓምድ ሥሩ፤ አንድ ስም ሲመረጥ ሁለቱም ዓይነት ደረሰኝ ይመጣል፣ ድምሩም አይደጋገምም።

ሪፖርቱ ኦንላይን ከወጣ በኋላ ፓወር ቢአይ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የመጨረሻ ምርጫ ያስታውሳል። ትናንት ዱቤን የመረጠ ሰው ዛሬም ዱቤን ብቻ እያየ ሊሆን ይችላል፤ ወደ መነሻው የሚመልሰውን የሪሴት ቁልፍ አሳዩት።

[ስክሪን፦ የቀን ሰንጠረዥ]

የመጨረሻው ዓምድ ዓመት ነው። ፓወር ቢአይ በራሱ የሚሠራው ዓመት ከጃንዋሪ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1፣ ማለትም ከጁላይ 8። በስላይሰር 2025ን ብትመርጡ የ2017 በጀት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽና የ2018 የመጀመሪያ አጋማሽ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ስለዚህ በቀን ሰንጠረዡ ላይ የበጀት ዓመት ዓምድ ጨምሩ፦ ቀኑ ጁላይ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ፣ ከዚያ በፊት ከሆነ 8። ከዚህ ዓምድ በተሠራው ስላይሰር 2017ን ስትመርጡ ከጁላይ 8፣ 2024 እስከ ጁላይ 7፣ 2025 ያለው ሽያጭ ብቻ ይቀራል፤ ቅርንጫፉ፣ ዱቤውና ሲሚንቶው እንደተመረጡ ናቸው።