320 የድምፅ ቅጂ፣ 20 ሰው፦ የቋንቋ ሙከራ እንዴት ይነደፋል?

(ምስል፦ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ)

ተራኪ፦ ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የሁለቱ ከተማ ሰዎች ጠብቆ የሚነገረውን ድምፅ እኩል ያጠብቁታል? «ሰፊ» ላልቶ ሲነገር ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ጠባብ ያልሆነው ነገር ነው። ልዩነቱ በዋናነት የ«ፍ» ድምፅ ርዝመት ነው፤ ርዝመት ደግሞ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፕራት የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል።

መለካቱ አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ከመለካቱ በፊት ነው።

(ምስል፦ «ሰፊ» የሚል ቃል ብቻ የተጻፈበት ካርድ)

ተራኪ፦ ይህ ካርድ የተሰጠው ሰው የትኛውን ያነባል? ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ትርጉሙን የሚጠቁም ሥዕል አሳዩት፤ ከዚያ ቃሉን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይናገረው፦ «እሱ ሰፊ ብሏል»። የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የዋለ ቃል ስለሚረዝም ቦታው መቀያየር የለበትም። የንባቡን ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው በዕጣ ቀላቅሉት፤ ሰው ሲሰለች ይፈጥናልና። ከጥናቱ ጋር የማይገናኙ ቃላትም ጣልቃ ይግቡ። ዓላማችሁ የገባው ተናጋሪ እናንተን ደስ ለማሰኘት ሲል ከልማዱ በላይ ያጠብቃል።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ቬንቲሌተርን ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ መስኮት ዘግታችሁ ትቀዳላችሁ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ቬንቲሌተር ይከፈታል፤ ሹሹታው የ«ፍ»ን መነሻና መድረሻ ይሸፍነዋል። ያኔ ያገኛችሁት ልዩነት የከተማ ይሁን የቬንቲሌተር የሚለይ ምንም ዓይነት ቀመር የለም። አጥፍታችሁ ብታልቡ ይሻላል።

(ምስል፦ ሰንጠረዥ፤ ከየከተማው 10 ሰው፣ 8 ጥንድ ቃላት)

ተራኪ፦ 20 ሰው እያንዳንዱ 16 ቃል ቢናገር 320 ቅጂ ይገኛል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 320ውን እንዳለ ወስዶ የቲ ፈተና ይሠራል፤ ይህም የሁለት ቡድን አማካዮች ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚመዝን ስሌት ነው። ፈተናውን በ1908 ያወጣው ዊልያም ጎሴት የቢራ ፋብሪካ ባለሙያ ነበር፤ የቢራ ፋብሪካ ወዳለባት ኮምቦልቻ ቢመጣ እንግዳነት አይሰማውም ነበር። ፈተናው ግን እያንዳንዱ ልኬት ከሌላው ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። የአንድ ሰው 16 ቅጂዎች ነጻ አይደሉም፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሁሉንም ያረዝማል። ከአንድ ጀበና 16 ስኒ የቀዳ 16 ጀበና አፈላሁ አይልም። 320ውን እንደ 320 ሰው ከቆጠራችሁ የፒ ዋጋው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል) ያለአግባብ ያንሳል፤ በአጋጣሚ የመጣውን ልዩነት እውነተኛ ያስመስለዋል።

ቃላቱም እንደዚያው ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ክላርክ በ1973 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፦ የመረጣችኋቸው ቃላት ራሳቸው ናሙና ናቸው። ዛሬ ሰውንም ቃልንም አንድ ላይ የሚይዘው ቅይጥ ሞዴል የሚባለው ነው፤ አር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሠራል። ሞዴሉን ገና ያልለመደ ሰው ለከተማው ጥያቄ የእያንዳንዱን ተናጋሪ የጠበቀና የላላ አማካይ አቀናንሶ፣ የቀሩትን 20 ቁጥሮች በከተማ ከፍሎ ቢያወዳድር ከ320ው በጣም የተሻለ ሠርቷል።

(ምስል፦ ሁለት ዓምድ፤ «ጠብቆ/ላልቶ» እና «ደሴ/ኮምቦልቻ»)

ተራኪ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል አይደሉም። የጠበቀው ከላላው ይረዝማል ወይ ለሚለው እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር ይወዳደራል፤ 20 ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የከተማው ጥያቄ ግን 10 ሰው በ10 ሰው ነው። የቃላቱን ቁጥር ወደ 100 ብታሳድጉትም ሰዎቹ ያው 20 ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ተናጋሪ ጋር አንድ ሰዓት ለመቀመጥ ካሰባችሁ፣ ግማሹን ሰዓት ለሌላ አዲስ ሰው ስጡት።