ግድግዳ የሌለው ጣሪያ፦ የተጫዋቾች ደመወዝና የክለቦች ካዝና

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። እንደ ወትሮው የማነጋግራችሁ ጅማ፣ ቆጪ ከሚገኘው ቤቴ ነው። ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ የቆየው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለ ዋለ ቀረጻውን እስኪያባራ ድረስ አቆይቼዋለሁ። አሁን ጸጥ ብሏልና፣ ለሳምንታት ሳብሰለስለው ወደ ሰነበትኩት ጉዳይ በቀጥታ ልግባ። ጉዳዩ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝ ነው፤ ለደመወዛቸው ጣሪያ ቢበጅለት ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ማውጣታቸውን ያቆማሉ ወይ?

ጥያቄውን ያነሣብኝ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ቡና በምንጠጣበት ቤት የማገኘው አንድ መምህር ወዳጄ ነው። «አንድ ተጫዋች በወር የሚያገኘውን እኔ ስንት ወር አስተምሬ አላገኘውም፤ የሚከፈለውም ከሕዝብ በጀት ነው፤ ታዲያ ሕግ አውጥቶ መገደብ ምን ያቅታል?» አለኝ። ቅሬታው እውነት አለው። የአገራችን የፕሪምየር ሊግ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብላቸው ገንዘብ ነው። ከስታዲየም መግቢያና ከማሊያ ሽያጭ የሚሰበሰበው ከወጪያቸው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወዳጄ ሲጠይቅ፣ የከፈለው ግብር የት እንደ ደረሰ እየጠየቀ ነው።

ይሁን እንጂ ጣሪያው ተሞክሯል። በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተመካክረው፣ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው ከፍተኛ የወር ደመወዝ 50,000 ብር እንዲሆን ወስነው ነበር። ውሳኔው ሲሰማ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ለአንድ ቡና ነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ፤ ወጪ ልክ ሲበጅለት ደስ ይለኛል። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የእኅቴ ልጅ ይዞት የመጣው ፖስታ ነው።

ልጁ ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለች ሜዳ ላይ በጨርቅ ኳስ የጀመረ የመስመር ተከላካይ ነው። ከውሳኔው በኋላ ሌላ ከተማ የሚገኝ ክለብ አስፈረመው፤ የክለቡን ስም አልጠራም። በውድድሩ እረፍት ወደ ቤት ሲመጣ፣ «አጎቴ፣ አንተ ወረቀት ታውቃለህ፤ እስቲ ይህን እይልኝ» ብሎ ከቦርሳው ቡናማ ፖስታ አወጣ። ውስጡ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው ማኅተም ያረፈበት፣ ለፌዴሬሽን የገባው ውል ሲሆን የወር ደመወዙ 50,000 ብር ይላል። በወቅቱ በነበረው ሰንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ የሆነው ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበት ስለ ነበር፣ የገቢ ግብሩ ብቻ 16,000 ብር ነው። ሁለተኛው ወረቀት ማኅተም የለውም። «የማበረታቻ ስምምነት» ይላል፤ በየወሩ ሌላ 40,000 ብር በእጅ እንደሚሰጠው ይገልጻል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ፣ የፈራሚው ስም ግን አልተጻፈም።

ልጁ በዚያን ጊዜ አራት ወር ሙሉ ከሁለቱም ወረቀቶች አንድ ብር አልደረሰውም ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣውም በሁለቱም አቤት ማለት ይችል እንደ ሆነ ነው። ማኅተም ያለበትን ይዞ መሄድ እንደሚችል ነገርኩት። ሁለተኛውን ግን ባሳየበት ቅጽበት ጣሪያውን ከጣሱት ሰዎች አንዱ እርሱ ራሱ መሆኑን በገዛ እጁ እንደሚያስመሰክር ስነግረው ዝም አለ፤ ወረቀቱንም በአራት አጥፎ ወደ ፖስታው መለሰው።

እኔ በዚያች ምሽት የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ ጣሪያው ወጪውን ከመዝገብ አስወጣው እንጂ አልቀነሰውም። ክለቡ የሚያወጣው ያው 90,000 ብር ነው። መንግሥት የ40,000ውን ግብር አጥቷል። የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ የሚያየው ቁጥር እውነተኛው አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ልጁ ለሠራበት ገንዘብ ሕግ ፊት የሚቆምበት እግር አጥቷል። ተጫዋች በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚጫወትና ጉልበቱ ከተጎዳ ምን እንደሚቀረው የምናውቅ ሰዎች ይህን ቀላል ነገር ልናደርገው አይገባም።

በቡናው ንግድ ይህንኑ ነገር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት የአንድ አካባቢ ገዢዎች ተሰብስበው «በኪሎ ከዚህ በላይ አንከፍልም» ብለው ይማማላሉ። መሐላው እስከ ምሽት ድረስ ይጸናል። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበትና፣ ማሽኑ ባዶውን እንዳያድርበት የሚሰጋ አንድ ገዢ ለገበሬው «የመጓጓዣ» ብሎ ይጨምርለታል፤ ሌላው ሚዛኑ ላይ ይለቅለታል፤ በማግስቱ መሐላው የሚጸናው ማንም ሸጦ በማይሄድበት ሰው ደጅ ብቻ ይሆናል። የክለብ ሥራ አስኪያጅም ያው ነው። የዝውውሩ መስኮት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቡድኑ ከሊጉ ከወረደ ሥራውን እንደሚያጣ እያወቀ፣ ግብ አግቢ ፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ከተፎካካሪዎቹ ጋር የገባውን ስምምነት ያከብራል ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው።

እንግሊዞች በዚህ መንገድ 60 ዓመት ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1901 ለአንድ ተጫዋች ከሳምንት 4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈል ተደነገገ። ሊድስ ሲቲ የተባለው ክለብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለተጫዋቾች በስውር ከፍለሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ መዝገቡን አላሳይም በማለቱም በ1919 ከሊጉ ተባረረ። ሰንደርላንድ ደግሞ በ1957 በተመሳሳይ ጥፋት ተቀጣ። የተያዙት እነዚህ ናቸው። በ1948/49 የውድድር ዓመት የእንግሊዝን ሊግ ጨዋታዎች ከ41 ሚሊዮን በላይ ሰው ከፍሎ ገብቶ ተመልክቷል፤ ሰው ከፍሎ የሚያየው ተጫዋች ግን ደሞዙ በሕግ የታሰረ ነበር። በመጨረሻ በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ሥራ አቆማለሁ ብሎ በመነሣቱ፣ 20 ፓውንድ ደርሶ የነበረው ጣሪያ በጥር 1961 ተነሣ፤ ወዲያውም የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በ2020 የእንግሊዝ ሦስተኛና አራተኛ እርከን ክለቦች ለጠቅላላ ደመወዝ የ2.5 ሚሊዮንና የ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጣሪያ ቢያበጁም፣ ይኸው ማኅበር ተከራክሮ በየካቲት 2021 አስሽሮታል። ተጫዋቹ ያልተስማማበት ጣሪያ መጨረሻው መፍረስ ነው።

አሜሪካን ምሳሌ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ በዚያ አገር የራሳቸው የሆነው፣ ከእኛ እግር ኳስ የተለየው ፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ጣሪያ አለው፤ ሠርቷልም። ነገር ግን በዚያ ሊግ የሚወርድ ቡድን የለም፤ ተጫዋቹ የሚሸሽበት ተመጣጣኝ ሊግ በሌላ አገር የለም፤ ጣሪያውም ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በድርድር የተተመነ የገቢ ድርሻ ነው። በእኛ ዓይነት ኳስ፣ መውረድ ባለበትና ተጫዋች ድንበር ተሻግሮ በሚሄድበት፣ ከሦስቱ አንዱም የለም። የአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ራሱ እንኳ በ2007 ዴቪድ ቤካምን ለማምጣት ሲል ለጣሪያው መስኮት ከፍቶለታል።

እኔን ያሳመነኝ የስፔን ሥርዓት ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ይሆናል ጠንቅቄ ተከታትየዋለሁ። በስፔን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ለእያንዳንዱ ክለብ የየራሱን ልክ ያወጣለታል። ክለቡ በዓመቱ ያገኛል ተብሎ ከሚጠበቀው ገቢ ላይ ከቡድኑ ውጪ ያሉት ወጪዎችና የዕዳ ክፍያው ይቀነሳሉ፤ የሚተርፈው ለቡድኑ የሚወጣው ከፍተኛ ገንዘብ ነው። አንድ ተጫዋች ብቻውን ምን ያህል ይከፈለው የሚለውን ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ድምሩ ነው። ዋናው ብልሃት ግን ቁጥጥሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ነው የተቀመጠው። ልኩን ያለፈ ክለብ እንደ ልቡ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ አይችልም፤ ያልተመዘገበ ተጫዋች ደግሞ ሜዳ አይገባም። ነሐሴ 2021 ላይ ባርሴሎና ሊዮኔል ሜሲን ያጣው በዚህ በር ላይ ነው፤ ውሉ አልቆ ስለ ነበር እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረበት፤ ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ቢስማማም ቁጥሩ አልገባ አለ፤ ተጫዋቹም ወደ ፓሪስ ሄደ። ከዚህ ጋር የእንግሊዙን ኤቨርተን አስተያዩት፤ በኅዳር 2023 ከተፈቀደው በላይ ከስረሃል ተብሎ 10 ነጥብ ሲቀነስበት፣ በኋላም በይግባኝ 6 ሲሆንለት፣ ገንዘቡ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር።

የስፔኑ ሥርዓት የሚያሳስበኝ ነገር የለም ብል ግን እዋሻለሁ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም (ዩኤፋ) እ.ኤ.አ. በ2022 ወደዚሁ አስተሳሰብ መጥቶ፣ ክለቦች ለቡድናቸው የሚያወጡት ከገቢያቸው አስቀድሞ ከ90፣ ቀጥሎ ከ80፣ በመጨረሻም ከ70 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። የሀብታም ክለብ 70 በመቶና የድሃ ክለብ 70 በመቶ እኩል አይደለም፤ ትልቁ ትልቅ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህ ለጅማ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር በመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ዋንጫውን አንሥቷል። ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በቀጣዩም ዓመት ስሙ ከአገር ውጪ ብዙም ያልተሰማ ክለብ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ፊት ቆመ። ያን ሰሞን ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሂርማታ ያለው መንገድ በባጃጅ ጡሩምባ ተሞልቶ ሳለ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ማሊያ ለብሰው በር ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቀለ 70 እንደርታ አቅንቶ በ2011 ዓ.ም. ያንንም ሻምፒዮን አደረገ፤ የእኛው ክለብ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። በገቢ ልክ ብቻ ቢታሰር ኖሮ አዲስ ያደገ ክለብ እንዲህ ያለ ዓመት ያያል ወይ ብዬ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም የሚወድቅበት ዓመት ሳይታሰብበት የሚወጣ ክለብ እንዲኖረኝ አልፈልግም።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለ። የስፔኑን ስሌት ወስደን ብንሞክረው ገቢ የምንለው ምንድን ነው? የከተማ አስተዳደሩ የሚሰጠውን በጀት እንደ ገቢ ከቆጠርነው ጣሪያ የለም ማለት ነው፤ ከንቲባው ዋንጫ በፈለገ ቁጥር ጣሪያው ከፍ ይላል። ካልቆጠርነው ደግሞ አብዛኛው ክለብ የተሟላ ቡድን ማስመዝገብ አይችልም። እኔ ለወዳጄ ለመምህሩ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ በጀቱ ይቆጠር፣ የሚቆጠረው ግን ምክር ቤት ያጸደቀውና ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለደመወዝ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ውስጥ የገባው ብር ይሁን። ቃል የተገባ፣ «ይለቀቃል» የተባለ፣ ከነጋዴዎች ይዋጣል የተባለ ገንዘብ አይቆጠር። ያለፈው ዓመት ደመወዝ ያልከፈለ ክለብ አዲስ ሰው አያስመዝግብ፤ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) ዕዳቸውን ባልከፈሉ ክለቦች ላይ የዝውውር እገዳ የሚጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። የአንድ ተጫዋች ደመወዝ ደግሞ ክለቡ በእጁ ካለው ድምር ውስጥ እስከ ሆነ ድረስ 50,000ም ይሁን 200,000 ለክለቡ ይተውለት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም እላለሁ። ድብቅ ውል ሲገኝ ቅጣቱ በክለቡና በፈረመው ኃላፊ ላይ ይውደቅ፤ ተጫዋቹ ሁለተኛውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከቅጣት ነጻ ይሁን፤ በወረቀቱ የተጻፈውም ግብሩ ተቀንሶ ይከፈለው። ይህ ሕግ ቢኖር ያን ስም የሌለው ፊርማ የሚፈርም ሰው አይገኝም፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ከተጫዋቹ ይልቅ የሚያስፈራው ፈራሚውን ይሆናል። ማንም ኦዲተር ሊያገኘው የማይችለውን ሰነድ፣ በቦርሳው ይዞት የሚዞረው ሰው ራሱ ያቀርበዋል።

መምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ታዲያ ለልጅህ ይህን ነገርከው?» አለኝ። ነግሬዋለሁ። ልጁ ማኅተም ባለው ውል አቤት ብሎ ከአራቱ ወር የሁለቱ ተከፍሎታል። ባለፈው ወር ከሌላ ክለብ ጋር ሲፈርም ከዚያው ከቢሮው በር ደውሎልኝ ነበር፤ ደመወዙ ከድሮው ድምር ያነሰ ነው፣ ወረቀቱ ግን አንድ ብቻ ነው አለኝ። ቡናማው ፖስታ አሁን በምቀርጽበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እንዳይጠፋ አደራ ብሎኛል።

በጤና ቆዩኝ።