ፍየሏን መልሷት

ውድ ተመራቂዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የንግግር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ሁላችሁም በምታውቁት እንቆቅልሽ ልጀምር። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረው ሰውዬ። ጀልባው ከእሱ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። ነብሩን ከፍየሏ፣ ፍየሏንም ከቅጠሉ ጋር ትቶ መሄድ አይችልም። ልጆች ሆነን ስንጠየቅ ግራ የሚገባን አንድ ቦታ ላይ ነበር። ፍየሏን መጀመሪያ ማሻገር ቀላል ነው። ከዚያስ? ቀጥሎ ነብሩን ቢወስድ ነብሩ ፍየሏን ይበላታል። ቅጠሉን ቢወስድ ፍየሏ ትበላዋለች። መልሱ ምንድነው? ሁለተኛውን አሻግሮ ሲመለስ ፍየሏን ይዟት ይመለሳል። ነብሩንና ቅጠሉን እንዳይገናኙ የሚያደርግ ነገር የለም፤ እነሱ አይተዋወቁም። መመለስ ክልክል ነው ያለን ሰው አልነበረም። አንዴ የተሻገረ ተሻገረ ብለን ራሳችንን የከለከልነው እኛው ነን።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነው። የጎንዮሽ አስተሳሰብ ይሉታል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣለት ኤድዋርድ ደ ቦኖ የሚባል የማልታ ሐኪም ነው። ነገሩ ግን ከስሙ በፊት ነበር። እኛም ጋ ነበር።

መቀሌን አስቡ። ጊዜው 1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ጦርነት ትንሽ ቀደም ብሎ። የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ወታደሮቹን ይዞ እንዳየሱስ በሚባለው ቦታ ላይ መሽጓል። የእኛ ሰዎች ደጋግመው አጠቁት። ብዙ ሰው ወደቀ፣ ግንቡ ግን አልተነቃነቀም። እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው የሚያስበው ያው ነው። ጦር ይጨመር፣ መድፍ ይጨመር፣ እንደገና እንሞክር። እቴጌ ጣይቱ ግን ከግንቡ ላይ ዓይናቸውን አነሱ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር የሚጠጣው ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነው። ምንጩ ይያዝ አሉ። ተያዘ። ውሃ የሌለው ሰው ግንቡ ቢወፍር ምን ያደርግለታል? ጥር ላይ ጣሊያኖቹ በድርድር ምሽጉን ለቀው ወጡ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናወራው ለጀግንነቱ ነው። ይገባዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥያቄውን መቀየራቸው ነው። ሌላው ሰው «ግንቡን እንዴት እንስበረው?» እያለ ነበር። ለመሆኑ ግንቡን ማን ፈለገው? የተፈለገው ጠላት እንዲወጣ ነው።

ነገ ሥራ ስትጀምሩ ደንበኛ የሚያሳያችሁ ግንቡን ነው። በእኔ ሙያ ላስረዳችሁ። አንድ ግቢ አለ እንበል። አራት አምስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ምጣዱን ይሰካል። ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ብሬከር ይወርዳል። ይመልሱታል፣ ይወርዳል። ከዚያ ጭቅጭቅ ይጀመራል። አከራዩ ይደውሉና «ልጄ፣ ትልቅ ብሬከር ግጠምልኝ» ይሏችኋል።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ብታሳድጉት ሽቦው ይግልና ቤት ታቃጥላላችሁ። ስለዚህ «አይሆንም አባባ፣ መስመሩ በሙሉ ይቀየር» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። አባባ ግን ገንዘብ የላቸውም። ይሄኔ ሌላ ኤሌክትሪሻን ይጠራሉ። እሱም ትልቁን ብሬከር ገጥሞ ይሄዳል። ይሄ በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው።

እስቲ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ተከራዮቹ የፈለጉት ምንድነው? መብራት ነው? አይደለም፣ እንጀራ ነው። ምጣድ ደግሞ እስኪግል ድረስ አንድም እንጀራ ሳይወጣበት መብራት ይበላል። አምስት ምጣድ አምስት ጊዜ ከቀዝቃዛ ይነሳል። አንዱ ምጣድ ከጋለ አይቀር ሁለት ቤት ተራ በተራ ቢጋግርበትስ? ወይም አንዱ ቤት ዓርብ ማታ ቢጋግርስ? ብሬከሩ ቦታው ይቆያል። በጋለው ምጣድ የሚጋገሩት ደግሞ ሒሳባቸውም ይቀንሳል። እርግጥ ማን የማንን ምጣድ ይነካል የሚለው ሌላ ድርድር ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ መስመር ከመቀየር ሊከብድ ይችላል። ቢሆንም ሐሳቡ ወጪ የለውም፣ ቤትም አያቃጥልም። መስመሩ ደግሞ ገንዘብ ሲገኝ ይቀየራል።

አንድ ሌላ ታሪክ አለኝ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት አቋረጠ፣ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ አመጣ። እኛ ያን ቀን የምናስታውሰው በዚህ ነው። በዚያው ቀን ዲክ ፎስበሪ የሚባል አሜሪካዊ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ዘሎ የከፍታ ዝላይን አሸነፈ። የዘለለው በጀርባው ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ዘላይ አግዳሚውን የሚያልፈው ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ነበር። ይሄም ያለ ምክንያት አልመጣም። በፊት ማረፊያው አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ነበር። እዚያ ላይ በጀርባው የወደቀ ሰው አንገቱ ይሰበራል። በኋላ ወፍራም ስፖንጅ መጣ። ስፖንጁ የተነጠፈው ለሁሉም ነው። ብዙዎቹ ግን አሸዋው አሁንም ያለ ይመስል እንደ ድሮው ይዘሉ ነበር።

የምትቀጠሩበት ቦታ ላይም እንዲህ ዓይነት ልማድ ይገጥማችኋል። ማንም የማያነበው ቅጽ፣ ለምን እንደሚፈረም የማይታወቅ ፊርማ። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ላፍርስ አትበሉ። እንዲህ የሚያደርግ አዲስ ሠራተኛ ያስጠላል። መጀመሪያ እዚያ የቆየውን ሰው «ይሄ ነገር ለምን ተጀመረ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። አንዳንዱ ደንብ የሰው እጅ ከተቆረጠ በኋላ የወጣ ነው። እሱን እንዳትነኩት። አሸዋው ተነስቶ ደንቡ ብቻ የቀረበት ቦታ ካገኛችሁ ግን ሐሳባችሁን አቅርቡ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። በእኛ ሙያ ቆጣሪ ማለፍ፣ ማለትም ሳይቆጠርበት መብራት መሳብ የሚችል ሰው ብልጥ ይባላል። ሰልፍ የሚቆርጥም እንደዚሁ። እኔ ይሄን የጎንዮሽ አስተሳሰብ አልለውም። ሰውዬው ችግሩን ወደ ጎረቤቱ ገፋው እንጂ አልፈታውም። መለኪያዬ ቀላል ነው። መፍትሔ ካገኛችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እዩ። እዚያ ያልነበረ ሰው ከሆነ እንደገና አስቡበት።

በሉ ወሬ አላብዛ። አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ልውረድ፣ በተለይ ለቧንቧና ለብየዳ ልጆች። ክረምት ነው። የአንዱ ቤት ጣሪያ ውሃ የጎረቤቱን ግቢ ያጥለቀልቃል። አሸንዳውን ማን ይግዛ ተባብለው ሰላምታ ካቆሙ ሁለት ክረምት አልፏል። የቧንቧ ውሃ ለሁለቱም ቤት በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ጀሪካን ተሸክመው ሲመላለሱ በር ላይ ይገናኛሉ። እናንተን ቢጠሯችሁ ምን ትሠራላችሁ? ሻይ ሲቀርብ መልሳችሁን እሰማለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!