እንጀራውን ራሷ ትቁረስ

ሰላማዊት፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ወሬያችን ስለ ሕፃናት ጣት ነው። ብሩክ፣ አንተ ለዓመታት መዋዕለ ሕፃናት አስተምረሃል። እርሳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትጠይቃለህ?

ብሩክ፦ «ቤት ውስጥ የሚያጎርሰው ማን ነው?» እላለሁ። እርሳስ የሚይዙት እኮ እንጀራ የሚቆርሱት ጣቶች ናቸው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት።

ሰላማዊት፦ እኔ ራሴ ልጄን ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አጉርሻታለሁ። ልብሷ እንዳይቆሽሽ፣ ምግቡ እንዳይደፋ እያልኩ። ደግሞ ጉርሻ ፍቅር ነው።

ብሩክ፦ ፍቅሩማ አይቅር። አንድ ሁለቴ አጉርሻትና የቀረውን ለእሷ ተዪላት። ልጅ ወደ 1 ዓመት ሲጠጋ ፍርፋሪ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ማንሳት ይጀምራል። ያኔ ለስላሳ ቁራሽ ፊቱ ብታስቀምጪለት ይበቃል።

ሰላማዊት፦ ባለፈው እሁድ ያየሁትን ልንገርህ። እንጀራ ሰጠኋትና እጄን ሰበሰብኩ። መጀመሪያ በመዳፏ ጨመደደችው። ቀጥላ ሳበችው፣ እንጀራው ተከትሏት መጣ። ከዚያ ምን አደረገች መሰለህ? ግራ እጇን እንጀራው ላይ ጫን አድርጋ በቀኟ ቆንጠጥ ስታደርገው፣ በዓይኑ በኩል ቅድድ አለላት። ሽሮው ግማሹ አገጯ ላይ ቢቀርም ደስታዋን ብታይ!

ብሩክ፦ የግራ እጇን ነገር ልብ አልሽ? አንዱ እጅ ይዞ ሌላው ሲሠራ ማለት ነው። ነገ ቁልፍ ስትቆልፍ፣ በመቀስ ወረቀት ስትቆርጥ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው።

ሰላማዊት፦ ከማዕድ ውጭስ?

ብሩክ፦ ሊጥ ስታቦኪ ቁራጭ ስጫት። ትጠፍጥፈው፣ ታድቦልቡለው፣ በጣቷ ትብሳው። ጎመን ስትቀነጥሺ አጠገብሽ አስቀምጫት። ስፖንጅ ከአንዱ ሳህን ነክራ ሌላው ላይ መጭመቅም እጇን ያጠነክራል፤ ውሃ ካለ ግን ለአፍታም ከአጠገቧ አትራቂ።

ሰላማዊት፦ ምስር መልቀምስ? ብዙ እናቶች ይህንን ነው የሚያደርጉት።

ብሩክ፦ እዚህ ላይ አልደራደርም። ምስር አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል። ኦቾሎኒና ባቄላ ደግሞ ትንፋሽ ይዘጋሉ። 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የሶፍት ጥቅል መሃሉ ላይ ያለውን ካርቶን ያዢ፤ በዚያ ቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ መጫወቻ አይሆንም። የሃይላንድ ክዳንም እንደዚያው።

ሰላማዊት፦ ታዲያ በምን ልተካው?

ብሩክ፦ በድንች! ያልተላጠ ትልልቅ ድንች ከቅርጫት ወደ ድስት ታስገባ፣ መልሳ ታውጣ። የድስት ክዳን መግጠምም ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። አምስት ደቂቃ ከቆየች በቂ ነው፤ ስትሰለች አታስገድጃት።

ሰላማዊት፦ የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ቻለ ብለው የሚጨነቁ ወላጆችም አሉ።

ብሩክ፦ ልጆች አንድ ቀን ላይ እኩል አይደርሱም። ግን 1 ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን የሚጨብጥ ልጅ ካለ፣ ወይም ይችለው የነበረውን የተወ ካለ፣ «ይተወዋል» ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሰላማዊት፦ እኔ ዛሬ ማታ ድንቹን ለእሷ ነው የማስረክበው።

ብሩክ፦ እንግዲያው ትልቁን ድስት አውጪላት፣ ወለሉ ላይ አድርጊላት።