ገብስማው ይሻላል፦ ለዋና ገንዳ ዳር የጎማ ወለል ቀለም ስንመርጥ

ሄለን፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ወለል ነው የምናወራው። ብሩክ እዚህ ላስ ቬጋስ ጓሮው ውስጥ የገንዳውን ዳር ጎማ አስነጥፎ ነበር፣ አሁን ደግሞ እንደገና ሊያሠራው ነው። ምን ሆነብህ?

ብሩክ፦ ቀለሙ ነዋ። መዳፍ የምታህል ናሙና አሳዩኝ፣ ጥርት ያለች ሰማያዊ። ወደድኳት፣ ሙሉውን በእሷ አስነጠፍኩ። አንድ በጋ ሳይሞላው ወደ አረንጓዴ ሄደብኝ።

ሄለን፦ ጎማው ነው የለቀቀው?

ብሩክ፦ እኔም እንደዛ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ላዩ ማለት ከ1 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ባለቀለም የጎማ ፍርፋሪ ነው፣ ኢፒዲኤም የሚባለው፣ በፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ተለውሶ ይነጠፋል። ርካሹ ማጣበቂያ፣ አሮማቲክ የሚሉት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይላል። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲደረብ ምን እንደሚወጣ ታውቂዋለሽ። ልጆቹ በሚመላለሱበት መስመር ላይ ያለው ስስ ማጣበቂያ ተፍቆ ሰማያዊው ተመልሷል፣ ጥግ ጥጉ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ሄለን፦ ታዲያ መፍትሔው?

ብሩክ፦ ሰማያዊ የግድ ካልሽ አሊፋቲክ የሚባለውን ማጣበቂያ ጠይቂ፣ እሱ ቢጫ አይሆንም፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ካልሆነ ቤዥ ወይም ቡናማ፤ እነሱ ላይ ቢጫው ብዙም አይታወቅም።

ሄለን፦ ጥቁርስ? ቆሻሻ ይችላል ይላሉ።

ብሩክ፦ በዚህ ከተማ? ጁላይ 7 ቀን 2024 እኮ 120 ዲግሪ ፋራናይት ገብቷል! ጥቁር ፀሐይዋን ውጦ ያስቀምጣታል፣ ከውሃ የወጣ ልጅ ደግሞ በባዶ እግሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጣ ያለውም አይሆንም፣ ዓይን ይወጋል፣ አንዲት ቅጠል ብትወድቅበት ታስታውቃለች።

ሄለን፦ ስለዚህ ድብልቅ።

ብሩክ፦ አዎ፣ ገብስማ! የገብስማ ዶሮ ላባ አስቢ፣ አቧራ ቢያርፍበት አይታይም። ሲጠገንም ያው ነው፣ አንድ ወጥ ቀለም ላይ የተለጠፈው ቦታ ያፈጣል፣ ድብልቅ ላይ ግን ይጠፋል። እኔ አሁን ያሰብኩት ግማሹን ቤዥ፣ ሠላሳ በመቶ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ የቀረውን ቡናማ ነው። ልኬቱ በክብደት ነው፣ ውል ላይ ይጻፍልሽ፣ የተረፈውንም ፍርፋሪ ለጥገና አስቀምጪ።

ሄለን፦ እኔ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ቀላቅዬ ደማቅ ነገር ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር።

ብሩክ፦ ተይ ሄሉ! ቅርብ ሆነሽ ስታዪው ያምራል፣ ከበረንዳ ላይ ስታዪው ግን ዓይን ያዋህደውና ጭቃ ይመስላል። ቢያንስ ክንድ የሚያህል ናሙና አሠርተሽ ገንዳው ዳር አስቀምጪው። ጠዋትም ቀትር ላይም እዪው። ግማሹን ውሃ አፍስሺበት፣ ሲረጥብ ጠቆር ይላል፣ ገንዳ ዳር ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከዚያ ራቅ ብለሽ እዪው።

ሄለን፦ የአንተ ናሙና ደረሰ?

ብሩክ፦ ሦስት ናቸው፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ነይ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ቁሚባቸውና የትኛው እንደሚያቃጥል ንገሪኝ።